በ300 ዶላር የመጫወቻ ስብስብ መጀመር ይቻላል? የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከእቁብ የተረፈች 300 ዶላር አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ 40 ዶላር ገደማ መጨመር እችላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ትንንሽ መኪኖች እወዳለሁ። አሁን ሥራ ቦታ አንድ ጓደኛዬ የድሮ መጫወቻ እየገዛና እየሸጠ ደህና ሳንቲም ሲይዝ አየሁ፤ እኔም ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ።

ምን ልግዛ? አዲስ ሌጎ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል ወይስ አሮጌ ነገር መፈለግ? ወይስ ፈንኮ ፖፕስ የሚባሉት ባለ ትልቅ ጭንቅላት የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች? ደግሞ ቤቴ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ስለሆነ ቦታ የለኝም። በዚህ ላይ የቆያችሁ ሰዎች ከየት እንደምነሳ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አሮጌ_ሣጥን

ናቲ፣ እንኳን መጣህ። ምን ልግዛ ከማለትህ በፊት አሮጌ መጫወቻ ለምን እንደሚወደድ ይግባህ። እሱ ከገባህ ብዙ ኪሳራ ታመልጣለህ።

ስታር ዋርስ የሚባለው ፊልም በ1977 ሲወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) መጫወቻውን የመሥራት ፈቃድ የነበረው ኬነር የሚባል የሲንሲናቲ ኩባንያ ነበር። የፊልሙን ገጸ ባሕርያት ትንንሽ የፕላስቲክ ምስሎች ለገና ማድረስ አልቻለም። ስለዚህ ለገና የሸጠው ምስል የሌለበት እሽግ ነው፤ ውስጡ «ምስሎቹ ሲደርሱ በፖስታ እንልክላችኋለን» የሚል የምስክር ወረቀት ነበረበት። በ1978 ምስሎቹ ሲመጡ ልጆቹ ካርቶኑን ቀደው ጣሉት፣ ግቢ ውስጥ ተጫወቱባቸው፣ ጥቃቅን መሣሪያዎቻቸውን ሣር ውስጥ ጠፉባቸው። ይህ ዕቃ አንድ ቀን ገንዘብ ያወጣል ብሎ ያስቀመጠ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ካርቶኑ ሳይከፈት የቀረው ዛሬ የሚወደደው ለዚህ ነው። ከዚያው መስመር ለገበያ ሳይወጣ የቀረ ሮኬት የሚተኩስ የቦባ ፌት (የፊልሙ ገጸ ባሕርይ) ናሙና በ2024 በጨረታ 525,000 ዶላር ተሸጧል። እሱ የአንተ ሜዳ አይደለም፤ ግን ምክንያቱን ያሳይሃል።

አሁን ቢኒ ቤቢስ የሚባሉትን ትንንሽ የጨርቅ እንስሳት ተመልከት። ታይ የሚባለው ኩባንያ በ1993 አወጣቸው፤ ሱቅ ውስጥ አምስት ዶላር ገደማ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሰው እንደ አክሲዮን ያያቸው ጀመር። ጆሯቸው ላይ የተንጠለጠለችው ወረቀት እንዳትታጠፍ የፕላስቲክ መከላከያ ይገዛላት ነበር። በ1999 ላስ ቬጋስ ውስጥ የሚፋቱ ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ወለል ላይ ቁጢጥ ብለው ቢኒዎቻቸውን በየተራ ተካፍለዋል። ሁሉም ሰው በጥንቃቄ አስቀመጣቸው፤ ስለዚህ የጠፋ የለም። ዛሬ አብዛኞቹ የተገዙበትን እንኳ አያወጡም።

ስለዚህ ሣጥኑ ላይ «ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀ» የሚል ጽሑፍ ስታይ ጠርጥር። የፈንኮም ነገር እዚያው ነው። ኩባንያው ራሱ በ2023 ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት መጋዘን የሞላበት ዕቃ ሊያስወግድ መሆኑን አስታውቋል። ስለምትወደው ግዛ፤ ይወደድልኛል ብለህ ግን አትከምር።

መኪና እወዳለሁ ካልክ እዚያው ቆይ። ማቴል የሚባለው ኩባንያ ሆት ዊልስ የተባሉትን ትንንሽ መኪኖች የጀመረው በ1968 በ16 ሞዴሎች ነው። እስከ 1977 ድረስ ብዙዎቹ ጎማቸው ላይ ቀይ መስመር ነበራቸው፤ ሰብሳቢዎች «ሬድላይን» የሚሏቸው እነዚህን ነው። ቀለማቸው ቢላላጥም ገዢ አላቸው። አዲሶቹ ላይ ደግሞ በ1995 የተጀመረው «ትሬዠር ሃንት» የሚባለው ብርቅዬ መኪና አለ። ከ2007 ጀምሮ «ሱፐር» የሚባለው ተጨመረ፤ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ነው፣ ጎማውም እውነተኛ ላስቲክ ነው። ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ በዚያው በአንድ ዶላር ከምናምን ይሰቀላል፤ ያገኘ ሰው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሸጠው ይችላል። ችግሩ፣ መደርደሪያው ሲሞላ ጠብቀው የሚያነሱ ሰዎች በየሱቁ አሉ። በዚያ ላይ ተመርኩዘህ ዕቅድ አታውጣ። ሰው ከጓዳው ያወጣው የልጅነት ሣጥን ይሻልሃል።

አንድ የማትዘለው ሕግ ልንገርህ። ኢቤይ ላይ ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ አትይ። ማጣሪያው ውስጥ ገብተህ «የተሸጡ» የሚለውን ምረጥ። ማንም ሰው ለአንዲት ቢኒ 5,000 ዶላር መጠየቅ ይችላል፤ ገዢ የከፈለው ግን 6 ዶላር ሊሆን ይችላል።

ሂሳብ_በልኩ

እኔ ደስታህን ላበላሽ አልፈልግም ናቲ፤ ግን ይህ መባል አለበት። ለክፉ ቀን ያስቀመጥከው ገንዘብ ከሌለህ 300 ዶላሯን አትንካት። ለጡረታ የምታስቀምጠው ደግሞ ከመጫወቻ ጋር አይቀላቀልም። የአክሲዮን ገበያውን ጠቅላላ የሚከተል ፈንድ መጋዘን አይፈልግም፣ አይበሰብስም፣ በማግስቱ መሸጥ ትችላለህ። መጫወቻ ግን የሚፈልገው ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሂሳብ፣ አመሰግናለሁ። የክፉ ቀኑ ለብቻው አለ። የጡረታውም ከደመወዜ ይቆረጣል። ይህቺ ብትጠፋ የማልራብባት ገንዘብ ናት። አሮጌ ሣጥን፣ የኬነር ታሪክ ብዙ ነገር አስረዳኝ። እና የሌጎው ጉዳይስ?

ጡብ_በጡብ

ሌጎ የእኔ ቤት ነው፤ ልመልስልህ።

የሁሉም ሰው ተስፋ የተነሳው ከአንድ ጥናት ነው። ሞስኮ ያለው ከፍተኛ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሁለት ተመራማሪዎች ከ1987 እስከ 2015 የወጡ 2,322 ስብስቦችን ዋጋ አጠኑ። ያልተከፈቱት በአማካይ በዓመት ወደ 11 በመቶ ትርፍ ሰጥተዋል። ዜናው እዚህ ላይ ያቆማል። ዝርዝሩን ስታነብ ግን በዓመት በግማሽ የወደቁም አሉ፣ ስድስት እጥፍ የጨመሩም አሉ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። አምስት ስብስብ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው አማካዩን አያገኝም፤ የሚያገኘው የገዛቸውን አምስቱን ነው። ሌላው ደግሞ ጥናቱ ትንንሾቹና በጣም ትልልቆቹ ከመካከለኞቹ እንደሚሻሉ፣ ዋጋውም መንቀሳቀስ የሚጀምረው ከምርት ከወጡ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እንደሆነ ያሳያል። ይህ ሁሉ ጊዜ ሣጥኑ አንተ አፓርታማ ውስጥ ነው።

ሌላ አደጋ አለ። ሌጎ በ2008 ታጅ ማሃልን በ300 ዶላር ገደማ አወጣ። ከምርት ሲወጣ ዋጋው ሺዎች ውስጥ ገባ። በ2017 ኩባንያው ያንኑ ሕንፃ እንደገና በ370 ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበ። በሺዎች ገዝተው ያስቀመጡ ሰዎች ዋጋው ሲወርድ ቁጭ ብለው አዩት። በስታር ዋርሱ መርከብ በሚሌኒየም ፋልከንም ላይ በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ኩባንያው የፈለገ ቀን እንደገና ማምረት ይችላል፤ አንተን አያማክርህም።

ለ300 ዶላር እኔ የምመክርህ ያገለገለውን ነው። ልጆቻቸው ያደጉ ወላጆች ሙሉ ሣጥን ሌጎ በኪሎ ሂሳብ ያወጣሉ፤ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይም፣ ያርድ ሴል (ሰው ደጁ ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት) ላይም ታገኛለህ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ያለው ትንንሾቹ ሰዎች ውስጥ ነው። ከ1978 ጀምሮ ነው የሚሠሩት፤ የአንዳንዱ ሰውዬ ዋጋ አብሮ ከወጣበት መኪና ይበልጣል። ለቅመህ ታወጣለህ፣ ከነኮፍያውና ከነዕቃው ታሟላለህ፣ ብሪክሊንክ በሚባለው የሌጎ መገበያያ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ፈልገህ ዋጋውን ታያለህ። የቀረውን ጡብ በቀለም ለይተህ መልሰህ በጅምላ ትሸጣለህ።

ስትገዛ ጡቦቹ አናት ላይ ያለውን ጉብታ እይ። የሌጎ ከሆነ እያንዳንዱ ጉብታ ላይ ስሙ ታትሟል። ከሌለበት ሌላ ኩባንያ የሠራው ወይም ፎርጅድ ነው። ለማጠብ ለብ ያለ ውሃ፣ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልበለጠ። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳታስገባው።

ቤቲ_ዱባይ

ወገኖቼ፣ ላቡቡ የሚሉት ጥርሱን ያገጠጠ ጸጉራም አሻንጉሊትስ? እዚህ ሁሉም ሰው ቦርሳው ላይ አንጠልጥሏል። የእህቴ ልጅ እሽጉ ያልተከፈተ ሦስት ገዝታ አስቀምጣለች፤ ይወደዳል ትለኛለች። እውነት ነው?

አሮጌ_ሣጥን

ቤቲ እህቴ፣ ላቡቡን የፈጠረው ካሲንግ ለንግ የሚባል የሆንግ ኮንግ ሠዓሊ ነው፤ በ2015 ለሕጻናት መጽሐፍ። ፖፕ ማርት የሚባለው የቻይና ኩባንያ በ2019 ያዘው። በ2024 ብላክፒንክ የሚባለው የኮሪያ የሙዚቃ ቡድን ዘፋኝ ሊሳ ይዛው ከታየች በኋላ ነው እሳቱ የተቀጣጠለው። በጁን 2025 ቤጂንግ ውስጥ ሰው የሚያክል አንድ ላቡቡ 1.08 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጠ። በዚያው ሰሞን ኩባንያው ብዙ ዕቃ ሲለቅ የተራዎቹ የድጋሚ ሽያጭ ዋጋ ወረደ።

ሰው የሚያክለው በጣም ጥቂት ነው። ቦርሳ ላይ የሚንጠለጠለው ግን ፋብሪካው ቀን ከሌሊት የሚያመርተው ነው። የእህትሽ ልጅ ሦስቱን ከወደደቻቸው ትያዛቸው። ለትርፍ ከሆነ ግን ሰው አሁንም እየፈለገ ሳለ ሁለቱን ትሽጥ። እውነተኛ መሆናቸውንም ታረጋግጥ፤ ጥርሳቸው ዘጠኝ መሆን አለበት፣ እሽጉ ላይ ያለውንም ኮድ በስልኳ ታንብበው። የፎርጅዱ ብዛት አይጣል ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በኦገስት 2025 ፎርጅዶቹ ተገንጥለው ሕጻን ሊያንቁ ይችላሉ ብሎ አስጠንቅቋል። ቤት ውስጥ ሕጻን ካለ ይህ ከዋጋው ይበልጣል።

ሜላት_አሌክሳንድሪያ

ስለ ባርቢ የተናገረ የለምና እኔ ልግባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ በሙሉ የሚሸጥበት) እዞራለሁ፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በየቤቱ የምታገኙት ባርቢን ነው።

ባርቢ የወጣችው በማርች 9 ቀን 1959 ኒው ዮርክ የመጫወቻ ትርዒት ላይ ነው፤ ዋጋዋ 3 ዶላር ነበር። የመጀመሪያዋ በእግሯ መዳፍ ትለያለች፤ መቆሚያዋ ላይ እንድትሰካ ሁለቱም እግሮቿ ሥር በመዳብ የተለበጠ ቀዳዳ አለ። እሷን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው፦ ወገቧ ላይ «1966» የሚል ያያል፣ የ1966 ናት ብሎ ብዙ ይከፍላል። ያ ቁጥር የአካሉ ቅርጽ መብት የተመዘገበበት ዓመት ነው እንጂ እሷ የተሠራችበት አይደለም። እስከ 1990ዎቹ የተሸጡትም ያንኑ ቁጥር ይዘዋል። ከዓመቱ ይልቅ የተሠራችበትን አገር አንብቡ። ጃፓን ካለ የድሮ ናት። ማሌዢያ፣ ቻይና ወይም ኢንዶኔዢያ ካለ ዘግየት ያለች ናት።

የበዓል ባርቢ የሚሏቸው ደግሞ አሉ፤ ትልቅ ቀሚስ፣ የሚያምር ሣጥን። በ1988 ተጀመሩ። የ1990ዎቹን ሁሉም ሰው ሳይከፍት ስላስቀመጣቸው በየትሪፍት ስቶሩ ሞልተዋል። ሻጩ «ሣጥኑ አልተከፈተም እኮ» ይላችኋል። ለትርፍ ከሆነ ተዉት።

ትርፍ ያለው ከአሻንጉሊቷ ይልቅ ልብሷ ላይ ነው። የ1960ዎቹ ልብስ ውስጡ የተሰፋ የባርቢ ስም ያለበት ትንሽ ጨርቅ አለው። ጫማዎቿ ጥንድ ሆነው መገኘታቸው ብርቅ ነው። ሰው አሻንጉሊቷን አንስቶ የቁርጥራጩን ከረጢት ይተዋል፤ እኔ ከረጢቱን ነው የማነሳው።

አቤል_ፍራንክፈርት

ከጀርመን ሰላም። እዚህም ያው ነው። ከኪንደር ቸኮሌት እንቁላል ውስጥ የሚወጡትን ትንንሽ ጉማሬዎች ሰው ክላይንአንሳይገን በሚባለው የጀርመን ድረ ገጽ ላይ በሺህ ዩሮ ይለጥፋል፤ ገዢ የሚከፍለው ግን ሳንቲም ነው። «የተሸጡ» የሚለውን ምክር በደንብ ያዙት።

ቁንጫ ገበያ ላይ እኔ የምፈልገው ሽታይፍ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራቸውን የጨርቅ እንስሳት ነው። ከ1904 ጀምሮ ጆሯቸው ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለ የብረት ቁልፍ አለ፤ ዘመኑን ከቁልፉ ዓይነት ታውቁታላችሁ። ፀጉሩ ቢሳሳም ቁልፉ ካለ ገዢ አለ። ደግሞ አውሮፓ ያላችሁ ልብ በሉ፤ በአንድ ድረ ገጽ በዓመት 30 ዕቃ ከሸጣችሁ ወይም 2,000 ዩሮ ካለፋችሁ ድረ ገጹ ለግብር ቢሮ ያሳውቃል።

ሂሳብ_በልኩ

እስካሁን ስለ መሸጥ የነካካው አቤል ብቻ ነው። ናቲ፣ ብዕር ያዝ።

100 ዶላር የተጻፈበት ሌጎ ሜሪላንድ ውስጥ ስትገዛ 6 በመቶ ግብር አለው፤ 106 ከፈልክ። ሦስት ዓመት አስቀመጥከው፣ 150 ተሸጠ፣ ደስ አለህ። ኢቤይ ከ13 በመቶ በላይ ይቆርጣል፤ የሚቆርጠውም ገዢው ለመላኪያና ለግብር ከከፈለው ጭምር ስለሆነ ወደ 20 ዶላር አስበው። መላኪያው በአንተ ከሆነ 16 ዶላር፣ ካርቶንና ቴፕ 3 ዶላር። የቀረህ 111 ነው። ትርፍህ 5 ዶላር፣ በሦስት ዓመት።

ያርድ ሴል ላይ በ10 ዶላር የገዛኸው ከረጢት 60 ቢሸጥልህ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ትርፉ ያለው ስትገዛ በምትከፍለው ዋጋ ላይ ነው። ቀላል ዕቃ ደግሞ ይሻላል፤ መኪና፣ ትንሽ ሰውዬ፣ የአሻንጉሊት ጫማ በፖስታ ይሄዳል።

ደረሰኝ አትጣል። የገዛህበትን ቀንና ዋጋ በአንድ ደብተር ያዝ። 1099 የሚባለው ሽያጭህን የሚገልጽ የግብር ቅጽ ቢመጣልህም ባይመጣልህም ትርፉን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ጋሽ_በላይ

ልጆች፣ ጨዋታችሁን እየተከታተልኩ ነው። ከመግዛትና ከመሸጥ መካከል ያለውን ጊዜ ረሳችሁት።

ፕላስቲክ ፀሐይ አይወድም። ነጭና ግራጫ ሌጎ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ቢጫ ይሆናል፤ ወደ ነበረበት መመለስም ከባድ ነው። ካርቶን እርጥበት አይወድም። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ቤዝመንት በሙቀቱ ወራት ይረጥባል፤ ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ከጫማ ሣጥን ውስጥ የምትጥሏቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አጠራቅማችሁ አብራችሁ ክተቱ። ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ደግሞ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያቀልጠዋል። ባትሪ የሚገባበት መጫወቻ ከሆነ የገዛችሁ ዕለት ባትሪውን አውጡ፤ ፈሶ ውስጡን ይበላዋል። ካርቶን ላይ የዋጋ ወረቀት ከተለጠፈ አትላጡት፤ ካርቶኑን ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አሜሪካ መጫወቻ ላይ እርሳስ ያለበት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቀለም የተቀባ መጫወቻ ልጅ አፉ ውስጥ እንዳይከት። ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ነክታችሁት ስታበቁ እጃችሁን ታጠቡ።

ሰላም_አዲስአበባ

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ከዚህ ሆኖ ይሠራል?

አሮጌ_ሣጥን

ሰላም፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አሁን ባለው ሁኔታ አልመክርሽም። ገዢው ሩቅ ነው፣ የክፍያው መንገድ አስቸጋሪ ነው፣ የመላኪያው ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። ግን ቤት ውስጥ አጎትሽ ከውጭ ያመጣው የድሮ ብረት መኪና ካለ ለቆራሌው ከመሸጡ በፊት ሆዱን ገልብጠሽ አንብቢ። ሌዝኒ ወይም ዲንኪ (የድሮ የእንግሊዝ ትንንሽ መኪና ሠሪዎች) የሚል ካለ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊ፤ አብረን እናያለን።

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የባትሪው ነገር በሐሳቤም አልነበረም። ዕቅዴ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ወር ምንም አልገዛም፤ የተሸጡ የሆት ዊልስና የሌጎ ሰዎች ዋጋ ብቻ አጠናለሁ። ከዚያ ከ300ው 150 ለያርድ ሴል ይሆናል። 50 ለማስቀመጫና ለመላኪያ። 100ው አይነካም፤ ጥሩ ነገር በድንገት ቢመጣ ነው። አዲስ ሌጎ አልገዛም።

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ ለሜላት ናት። ሰው ቤት ደጅ ላይ ቆሞ ስልክ አውጥቶ ዋጋ ማየት ነውር አይሆንም? ሻጩ ዋጋውን የማያውቅ አሮጊት ቢሆኑስ?

ሜላት_አሌክሳንድሪያ

ስልኩ ነውር የለውም ናቲ፤ ሁሉም ያደርገዋል። ራቅ ብለህ እይ፣ ዕቃውን ግን እጅህ ላይ ያዝ፤ ካስቀመጥከው ሌላው ያነሳዋል።

የሁለተኛው ጥያቄህ ከባድ ነው፤ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሰውዬው በለጠፉት ዋጋ እገዛለሁ፤ ዕቃው አንድ ዶላር ሆኖ እኔ 15 ብሸጠው ድካሜን ነው የምቆጥረው። ግን «ልጄ፣ ይሄ ስንት ያወጣል?» ብለው ከጠየቁኝ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ደግሞ በጣም ውድ ነገር ከሆነ፣ መቶዎችን የሚያወጣ፣ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። አንዳንዴ ግማሹን ዋጋ ስጪኝና ውሰጂው ይሉኛል። አንዳንዴ መልሰው ቤት ያስገቡታል። እንዲህ ስለማደርግ ሌላ ሣጥን ሲያገኙ ስልክ የሚደውሉልኝ ሰዎች አሉኝ። አብዛኛው ጥሩ ዕቃዬ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

ለቅዳሜ፣ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ከ7 ጀምረህ ውጣ። ልጆች ያሳደጉ፣ አሁን ቤታቸውን እያጠበቡ ያሉ ሰዎች ያሉበትን ሰፈር ምረጥ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብቻ አይተህ አትመለስ፤ «የልጆች ሣጥን ውስጥ የቀረ ይኖር ይሆን?» ብለህ ጠይቅ፣ ጋራዥ ውስጥ ያልወጣ አይጠፋም። አንድ አንድ ዶላርና አምስት ዶላር ዘርዝረህ ያዝ። በጠዋት ሃያ ዶላር ስትሰጣቸው መልስ የላቸውም።